ሳንጃ ላይ የሚነሳው መኪና ደባርቅ ላይ ለምን ይተኛል?

ኅዳርና ታኅሣሥ ለጎንደር የጭነት መኪና ባለንብረቶች የገንዘብ ወራት ናቸው። የቆላው ገበሬና ባለሀብት ሰሊጡን አጭዶ፣ አራግፎ፣ በጆንያ ሞልቶ መኪና የሚጠራው በዚህ ሰሞን ሲሆን ማሽላውም ወዲያው ይከተላል። ደጋው ሌሊቱን በውርጭ የሚያነጋውም በዚሁ ሰሞን ነው። ሥራውና ብርዱ ተቀጣጥረው የሚመጡ ይመስላል።

ከታች አርማጭሆዋ ከተማ ከሳንጃ ማሽላ ጭኖ የተነሳ አይሱዙ በትክል ድንጋይ አድርጎ ጎንደር ይወጣል። ከዚያም አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ማታ ደባርቅ ይገባል። ያድራል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሹፌሩ ጋቢውን እንደተከናነበ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሪኖው አንዴ ሁለቴ አቃስቶ ዝም ይላል። በሦስተኛው ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ቡልቅ ይላል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ረዳቱ ታኮውን ከጎማው ሥር መዝዞ ሰው ይጠራል፤ «ግፉ!» ይባላል፤ ለገፊዎቹም የሻይ ይከፈላል። ይህም አልሆን ሲል ጎንደር ለተቀመጠው ባለንብረት ስልክ ይደወላል። «ጋሼ፣ ባትሪው ሞቷል፤ ብር ይላኩልኝ።»

ይኸው መኪና ግን ከሁለት ቀን በፊት ሳንጃ ላይ የተነሳው በአንድ ቁልፍ ነበር። ባለንብረቱም ሹፌሩም፣ ብዙ ጊዜም መካኒኩ ጭምር፣ ጥፋተኛው የደባርቅ ብርድ ነው ብለው ይስማማሉ። ባትሪ ይገዛል፤ መንገዱ ይቀጥላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ስልክ ተመልሶ ይደወላል።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ብርዱ ምስክር እንጂ ተከሳሽ አይደለም። በሽታው የተያዘው ቆላ ነው። ደባርቅ ላይ የሚሆነው በሽታው መታወቁ ብቻ ነው።

ብርዱ ስንት ነው?

ሁመራ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጎንደር 2,133 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ በሁመራና በደባርቅ መካከል ከፍታው ብቻውን ወደ 15 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል። በዚህ ላይ የበጋ ሌሊት ጥርት ያለ ሰማይ ሲታከልበት ልዩነቱ ይሰፋል። በስሜን ተራሮች ከፍተኛ ቦታዎች ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ደባርቅ ከተማ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ላይ ይቆማል።

ይህ ለሰው ይበርዳል። ለናፍጣ ሞተር ግን ብርድ የሚባል አይደለም። በካናዳና በሩሲያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ጠዋት የሚነሳ ሞተር ሞልቷል። ለዚያ ብርድ የተለየ ናፍጣ፣ የተለየ ዘይትና ማሞቂያ ያዘጋጃሉ፤ ለአምስት ዲግሪ ግን ማንም ምንም አያዘጋጅም። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር ደባርቅ ላይ መነሳት አለበት። ካልተነሳ አንድ ነገር ጎድሎታል።

ምን እንደጎደለው ለማወቅ ናፍጣ እንዴት እንደሚቀጣጠል ማስታወስ ይጠቅማል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በ1889 ዓ.ም. ሠርቶ ያሳየው ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ ከ16 እስከ 20 እጥፍ ታምቆ ከመታመቁ ብዛት ይግላል። በጋለው አየር ላይ ናፍጣው በኖዝል ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ጤነኛ ሞተር ሲሞቅ አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ናፍጣ ለመቀጣጠል ከ200 ዲግሪ እምብዛም የማይርቅ ሙቀት ይበቃዋል። መጠባበቂያው ሰፊ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ቀስ ብሎ ሲዞርና ሲያፈስ ግን ይህ መጠባበቂያ ይሸረሸራል። ሲገባ 20 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ከታመቀ በኋላ ልዩነቱ ሃምሳ ዲግሪ ገደማ ይሆናል።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ከፍታውን ነው። ደባርቅ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአሥር ሰባት እጅ ገደማ ነው። ከሁመራ ጋር ሲነጻጸር ሲሊንደሩ በየዙሩ የሚውጠው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ትንሽ አየር ሲታመቅ የሚገኘው ግፊትም ትንሽ ነው። ስለዚህ ደባርቅ መኪናውን በሁለት ነገር ይፈትነዋል፤ አንዱን ሹፌሩ በቆዳው ይሰማዋል፣ ሌላውን ግን አይሰማውም።

ቆላው የሚበላው፣ ደጋው የሚያጋልጠው

ባትሪ በብርድ ይሞታል የሚለው እምነት በግማሽ ትክክል ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ ባትሪ ከአቅሙ 80 በመቶ ያህሉን ይሰጣል፤ ይህ ለጤነኛ ባትሪ ብዙ ጉዳት አይደለም። ባትሪን በእርግጥ የሚገድለው ሙቀት ነው። በባትሪ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀው ልምድ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል የሚል ነው። የቆላ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ ጭነት ሲጠብቅ የሚውል መኪና ባትሪው ውኃው ይተንናል፣ ሳህኖቹ ይበላሉ። ሳንጃ ላይ ሞተሩ ሞቃት፣ ዘይቱ ቀጭን ስለሆነ የተዳከመውም ባትሪ ያስነሳዋል። ደባርቅ ላይ ሞተሩ ከባድ ይሆንበትና እጁን ይሰጣል። ሞቱ ቆላ ነው፤ ለቅሶው ደጋ ላይ ይሆናል።

ሁለተኛው አቧራ ነው። በሰሊጥ እርሻዎቹ መካከል ያለው የበጋ መንገድ ዱቄት ነው ማለት ይቻላል። የአየር ፊልትሮው ሲሞላ አንዳንዱ ረዳት አውጥቶ ጎማ ላይ ደብደብ አድርጎ ይመልሰዋል። በዚህ ጊዜ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ወይም ጠርዙ በደንብ አይገጥምም። ያለፈው አቧራ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። ፋሻው ሲበላ የታመቀው አየር በጎኑ ያመልጣል። ይህ ጉዳት ቀን በሙቀት አይታይም፤ መኪናው ትንሽ ዘይት ይበላል፣ ዳገት ላይ ትንሽ ይደክማል፣ ይኸው ነው። ጠዋት በብርድ ግን ኮምፕሬሽኑ አልበቃ ብሎ ነጭ ጭስ ያወጣል።

ሦስተኛው የሞተር ዘይት ነው፤ ይህኛው ከባለንብረቱ ኪስ ጋር የተያያዘ በመሆኑ በተለይ ያስገርማል። ፋሻው የተበላ ሞተር ዘይት ሲበላ መድኃኒት ተብሎ የሚታዘዘው ወፍራም ዘይት ነው። ቁጥር 40 ወይም ከዚያ የወፈረ ይሞላል። በቆላ ሙቀት ወፍራሙ ዘይት የተበላውን ክፍተት ስለሚደፍን ጭሱም ይቀንሳል፣ የዘይት ወጪውም ለጊዜው ይረግባል። ያው ዘይት ደባርቅ ላይ አድሮ ሲነጋ እንደ ማር ይከብዳል። በዕድሜ የተዳከመው ባትሪ ይህን ማር እያማሰለ ሞተሩን በደቂቃ ከ100 እስከ 200 ዙር ማዞር ይጠበቅበታል። ካልቻለ አየሩ ቀስ ብሎ ይታመቃል፤ ቀስ ብሎ የታመቀ አየር ደግሞ ሙቀቱን ለቀዘቀዘው ብረት እየሰጠ ያመልጣል፤ ናፍጣውም ሳይቀጣጠል ይወጣል። ለዚህ መንገድ 15 ደብልዩ 40 የሚባለው ዘይት ለቆላውም ለደጋውም ይበቃል። ችግሩ ያንን ዘይት የሚቀበለው ጤነኛ ሞተር መሆኑ ነው።

እንግዲህ ሦስቱ ጉዳቶች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። አንዱን ብቻ ቀይሮ መሄድ ለዚህ ነው ሥር የማይሰድደው።

ምርመራ የማይከፈልበት ገበያ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ንሯል። ባትሪ፣ ሞተሪኖ፣ ኖዝል፣ ፋሻ ከዚሁ ውስጥ ናቸው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ የመጣው ናፍጣም እንደዚሁ። ስለዚህ ዛሬ በግምት ዕቃ መቀየር ከበፊቱ ይልቅ የሚያከስር ሥራ ሆኗል።

ሆኖም የጋራዡ ገበያ የተዋቀረው ለመቀየር እንጂ ለመመርመር አይደለም። መካኒክ የሚከፈለው ፈቶ ለገጠመው ነው። ግማሽ ቀን አስቦ፣ በቴስተር ለክቶ «ባትሪህ ጤነኛ ነው፤ ገመዱን አጥብቀህ እሰር» ያለ ባለሙያ ምን ይከፈለዋል? አመሰግናለሁ ይባላል። ዕቃ የቀየረው ግን የእጁን ዋጋ ያገኛል፤ ዕቃውን ያስመጣ እንደሆነም በዚያ ላይ ሊያተርፍ ይችላል። ዋጋ ያልተሰጠው ነገር ደግሞ በገበያ ላይ አይገኝም። ሹፌሩም ቢሆን የመኪናው ባለቤት ስላልሆነ ዓላማው ጠዋት መነሳት እንጂ ሞተሩ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚሆነው አይደለም። ባለንብረቱ ሩቅ ነው። ይህ ሦስትዮሽ ግንኙነት የተበላሸ ባትሪ ያህል ያከስራል።

መፍትሔው ግን ውድ አይደለም። ለምርመራ ራሱን የቻለ ክፍያ መስጠት፣ ምርመራውንም ከሳንቲሙ ወደ ብሩ፣ ማለትም ምንም ከማያስወጣው ጀምሮ ብዙ ወደሚያስወጣው በቅደም ተከተል ማድረግ ነው።

ከጆሮ የሚጀመር ምርመራ

የመጀመሪያው መሣሪያ ጆሮ ነው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው እያቃሰተ ቀስ ብሎ ካዞረ ጥፋቱ ከኤሌክትሪኩ ወይም ከዘይቱ ነው፤ ናፍጣውንና ኖዝሉን መነካካት ጊዜ ማጥፋት ነው። በሙሉ ጉልበቱ እያዞረ አልነሳ ካለ ደግሞ ባትሪ መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ይህን አንድ ልዩነት ብቻ የለየ ባለንብረት በስልክ ከሚመጣለት ወጪ ግማሹን ያስቀራል። «እንዴት ነው የሚያዞረው? እስቲ ስልኩን አስጠጋልኝ» ማለት ይችላል።

ሁለተኛው ዓይን ነው። ሞተሩ እየዞረ ከጭስ ማውጫው ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልተቀጣጠለም፤ ማሞቂያው፣ ኖዝሉ፣ የፖምፓው ሰዓት ወይም ኮምፕሬሽኑ ይጠረጠራል።

ቀስ ብሎ በሚያዞረው እንጀምር። አብዛኞቹ የጭነት መኪናዎች በሁለት ባትሪ በ24 ቮልት ይሠራሉ። ሙሉ የሆነ ባትሪ ካደረ በኋላ እያንዳንዱ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ ብቻ ነው ያለው። ሞተሪኖው በሚያዞርበት ጊዜ የሁለቱ ድምር ከ19 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው አልቻለም። ግን ለምን አልቻለም? እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ጥፋት አለ። ቴፕ ወይም ስልክ መሙያ 12 ቮልት ስለሚፈልግ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ገመድ ይሳባል። ያ ባትሪ ሁልጊዜ ይራባል፤ ጓደኛው ደግሞ ሁልጊዜ ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። በአንድ ሹፌር የመንገድ ሙዚቃ ሁለት ባትሪ ይሄዳል። አሮጌና አዲስ ባትሪ አጣምሮ ማሰርም ያው ነው፤ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል።

ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቀስ ብሎ ካዞረ ገመዱ ይታያል። ሞተሪኖ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል፤ በባትሪው ራስ ላይ ያለች ነጭ ዝገት ወይም ከሻንሲው ጋር የላላች የኔጌቲቭ ገመድ ይህን ያህል ጉልበት አታሳልፍም። መብራት ያበራል፣ ጥሩንባ ይነፋል፣ ሞተር ግን አያዞርም፤ በዚህ ብዙ ሰው ይታለላል። የሚለካውም በቀላሉ ነው፤ ረዳቱ ቁልፉን ሲያዞር የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ማድረግ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ ገመዱ ነው። በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ አጥብቆ አስሮ ግራሶ መቀባት ነው፤ ወጪው ከአንድ ቁርስ አይበልጥም። የዲናሞው ቺንጋ መላላቱንም እግረ መንገድ በጣት ተጭኖ ማየት ነው። በቆላ የሚሠራ መኪና የባትሪ ውኃው በየሳምንቱ ቢታይ ይመረጣል፤ የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውኃ እንጂ የወንዝ ወይም የቧንቧ ውኃ አይደለም።

በደንብ እያዞረ የማይነሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገር ይያዛል። አንደኛው አየር ነው። ከሳልቫቲዮው እስከ ፖምፓው ባለው ቧንቧ ወይም በፊልትሮው ጎማ ላይ ናፍጣ የማታፈስ፣ አየር ግን የምታስገባ ቀዳዳ ካለች፣ ናፍጣው ሌሊቱን ቀስ እያለ ወደ ሳልቫቲዮው ይመለሳል። ቀን በየሰዓቱ የሚነሳ መኪና ይህን አያሳይም፤ አሥር ሰዓት ቆሞ ያደረ ግን ያሳያል። ምርመራው ነፃ ነው። ጠዋት ቁልፍ ከመንካት በፊት የእጅ ፖምፓውን እስኪጠነክር መግፋት፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ከተነሳ ጥፋቱ ታውቋል፤ የሚቀረው የቧንቧውን ማሰሪያና የፊልትሮውን ጎማ መለወጥ ነው። ይህችን የጎማ ቀለበት ያልጠረጠረ ሰው ፖምፓውን አስፈትቶ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ድረስ ሊልክ ይችላል።

ሁለተኛው ማሞቂያው ነው። በትናንሽ የናፍጣ ሞተሮች ላይ በየሲሊንደሩ የምትቆመዋ ካንዴላ፣ በትልልቆቹ ላይ ደግሞ በአየር መግቢያው ላይ ያለው ማሞቂያ፣ ሳንጃ ላይ ዓመቱን ሙሉ ተቃጥሎ ቢቀመጥ ማንም አያውቅም፤ አያስፈልግማ። ካንዴላው ከገመዱ ተላቅቆ በቴስተር ሲለካ ጥቂት ኦም ካሳየ ይሠራል፤ ጨርሶ የማያሳይ ከሆነ ተቃጥሏል። ከአራት ሁለቱ የተቃጠሉበት መኪና በብርድ በሁለት ሲሊንደር እየተንገጫገጨ ነጭ ጭስ እያወጣ ይነሳል፤ ሲሞቅ ይስተካከላል። ይህን ምልክት የሚያሳይ ሞተር ቀድሞ እየነገረ ነው።

ናፍጣው ራሱስ? ሹፌሮች «ረግቶ ነው» ይላሉ። በአውሮፓ ክረምት ይህ እውነት ነው፤ ናፍጣ ውስጥ ያለው ሰም ረግቶ ፊልትሮ ይዘጋል። ከዜሮ በላይ በሚያድር ከተማ ግን ይህ ማብራሪያ አብዛኛውን ጊዜ አያስኬድም። የሚያስኬደው ውኃ ነው። በግማሽ የተሞላ ሳልቫቲዮ በቀኑ ሙቀትና በሌሊቱ ብርድ መካከል በውስጡ ያላብና ውኃ ያጠራቅማል። ማታ ሞልቶ ማደር፣ ጠዋት ከፊልትሮው ሥር ያለውን ውኃ ማፍሰስ ይበቃል። አንዳንዶች ናፍጣውን ለማቅጠን የሚጨምሩት ነጭ ጋዝ በደባርቅ ብርድ የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ ይልቅ ፖምፓው የሚለሰልሰው በናፍጣው ቅባት ስለሆነ ፖምፓውን ያስበላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው ኖዝል የሚፈታው፣ በመጨረሻም ኮምፕሬሽን የሚለካው። በጤነኛ ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ባር ይገኛል። ከ20 ባር በታች የወረደ ወይም በሲሊንደሮቹ መካከል ሰፊ ልዩነት ያሳየ ሞተር ብርድ ላይ መለመን የለበትም፤ መፈታት ነው ያለበት።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ትንሽ ልምድ ይታከል። ቁልፍ ሲዞር ፍሪሲዮን ረግጦ መያዝ ሞተሪኖውን በካምቢዮው ውስጥ ያለውን የረጋ ዘይት ከማማሰል ያድነዋል። በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አለማዞር፣ በመካከሉም አንድ ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ያቆያል። ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፖምፓ፣ ፊልትሮ የሚሉት ቃላት ራሳቸው ጣሊያን ትቷቸው የሄደ ናቸው። የስታራቼ የጭነት መኪና ሠራዊት መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ፣ ኋላም የሊማሊሞ መንገድ ሲጠረብ አብረው የመጡ ስሞች ናቸው። የዚያን ጊዜ ሹፌሮችም ይህንኑ ዳገት በዚሁ ብርድ ታግለውታል።

እሳትና ቁልቁለት

መኪና አልነሳ ሲል የሚደረጉት ብልሃቶች ከጥፋቱ ይልቅ ያስፈራሉ። በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ አቀጣጥሎ ከዘይት ማጠራቀሚያው ሥር ማስቀመጥ ይታያል። ዘይት የጠጣ ሞተር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧና እሳት በአንድ ቦታ ተገናኙ ማለት ነው። ጭነቱ ደግሞ ሰሊጥ ከሆነ ዘይት በጆንያ ተጭኗል። ቤንዚን የነካ ጨርቅ በአየር መግቢያው ማስጠጋትም የተለመደ ነው፤ ሞተሩ ይነሳል፣ ነገር ግን ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ፈንድቶ ፋሻና ፒስተን ሊሰብር ይችላል። አንዴ የለመደው ሞተር ያለዚያ አልነሳም ይላል ይባላል። እውነታው በየቀኑ ፋሻው እየተሰበረ ኮምፕሬሽኑ ስለሚወርድ ነው።

በቁልቁለት አቁሞ ማደር ሌላው ነው። ታኮው ተነስቶ፣ መኪናው ተንከባልሎ፣ በማርሽ ይነሳል። ፍሬኑ በአየር የሚታገዝ መኪና ግን ሞተሩ ሳይነሳ ኮምፕረሰሩ አየር አይሞላም። ሌሊቱን አየሩ ያለቀበት መኪና በቁልቁለት ሲለቀቅ ፍሬን የለውም። አዲሶቹ ትልልቅ መኪኖች አየር ሲያልቅ ጎማውን ራሳቸው ስለሚቆልፉ ጨርሶ አይንከባለሉም፤ አሮጌዎቹ ግን ይንከባለላሉ። ከደባርቅ በታች ያለው ቁልቁለት ሊማሊሞ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

አንዳንዱ ደግሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ያድራል። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ናፍጣ ይጨርሳል። በ10 ሰዓት ሌሊት ቢያንስ 20 ሊትር ማለት ነው። በሰሊጡ ወቅት 15 ሌሊት ደጋ ያደረ መኪና 300 ሊትር፣ ማለትም የአንድ ትልቅ ሳልቫቲዮ ያህል ናፍጣ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ያቃጥላል። በዚህ ሒሳብ አዲስ ካንዴላ፣ የታሰረ ገመድና ተገቢ ዘይት ርካሽ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰው ጦርነት ወዲህ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ሹፌሩ ማደሪያውን ራሱ የማይመርጥበት ሌሊት ስለበዛ ደግሞ፣ «ደጋ አላድርም» ማለት ሁልጊዜ የሚቻል አልሆነም።

ያገለገለ መኪና ገዢ

ከሹፌሩና ከባለንብረቱ ይልቅ በዚህ ጉዳይ የሚጎዳው ግን ሌላ ሰው ነው። ቁጥቡን አሟጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ያገለገለ አይሱዙ የሚገዛው ጀማሪ ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ እንደሚያስወጣ አሳየ። ለዚህና ለተከታይ ሥራዎቹ በ1994 ዓ.ም. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ገዢው ሁሉንም መኪና ስለሚጠረጥር ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ መኪናውን በደንብ የያዘ ሰው በዚያ ዋጋ አይሸጥም፤ ገበያው ላይ የሚቀረው የተበላው ነው።

የቆላው ከተማ ቀትር ለእንዲህ ዓይነቱ ሻጭ የተመቸ ነው። ፀሐይዋ 35 ዲግሪ ስታደርስ ባትሪው የደከመ፣ ካንዴላው የተቃጠለ፣ ፋሻው የተበላና በወፍራም ዘይት የተሸፈነ ሞተር ሁሉ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ደላላው «ሰዓት ነው!» ይላል። ሊብሬው ይታያል፣ ጎማው ይረገጣል፣ ቀለሙ ይደነቃል፣ ቀብድ ይከፈላል። ገዢው መኪናውን ይዞ ዳገቱን ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ጠዋት ላይ የገዛውን ያውቃል።

ብርዱ እንግዲህ ለዚህ ገዢ ነፃ መካኒክ ነው። ሳንጃ ላይ የተዋዋለ ሰው የውሉ መጨረሻ መኪናው ጎንደር፣ ቢቻል ዳባት ወይም ደባርቅ አድሮ በማግስቱ ጠዋት ሲታይ እንዲሆን ቢጠይቅ ለናፍጣው ራሱ ቢከፍል እንኳ አይከስርም። ሻጩ እምቢ ካለም ያው መልስ ነው። ጠዋት ሲደረስ ደግሞ ቁልፍ ከመዞሩ በፊት የሞተሩን ሽፋን ከፍቶ እጅን በቴስታታው ላይ ማሳረፍ ነው። ለብ ካለ ሻጩ ቀድሞ መጥቶ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ቀጠሮው ለነገ ጠዋት ይተላለፋል፣ ቁልፉም ሌሊቱን ገዢው ዘንድ ያድራል።